ተራ ቁጥር ዘጠኝ

«እኔ መች መረጥኳት? ኮምፒውተሩ ነው እንጂ የመረጣት!» አለ ኃላፊው ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በስልክ እያወራ፤ አለና በገዛ ቀልዱ ከት ብሎ ሳቀ። የቢሮው በር ገርበብ እንዳለ ነው። ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማውራት ደግሞ ሰውየው ላይ አልፈጠረበትም። «አንድ ሰው ለዕቃ ግምጃ ቤት ላኩ አላችሁ፤ ይኸው። ባለሙያ ፈትሾ የፈረመበት ወረቀት እጄ ላይ አለ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ፣ አይገናኝም ይላል። ማሽኗ ከአዲሱ ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ ሴትዮዋ እዚህ ተጎልታ ምን ልትሠራ ነው? እዚያ ወረቀትና እርሳስ ነው፣ ይስማማታል። አዎ፣ ከሰኞ ጀምሮ። ዝርዝሩን ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እልክላችኋለሁ።»

ባለገመዱ ደረጃው ላይ ክው ብሎ ቀረ። በአንድ ትከሻው ጥቅል ገመድ ተሸክሟል፣ በሌላው እጁ የመሣሪያ ቦርሳ አንጠልጥሏል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ባለገመዱ ያሉትም ይህንኑ ጥቅል ተሸክሞ ፎቅ ለፎቅ ሲዞር ስለሚያዩት ነው። የሰው ስልክ ቆሞ ማድመጥ ነውር መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ግን ያ «ባለሙያ» የተባለው እሱ ራሱ ነው። ፊርማው የእሱ፣ ወረቀቱ የእሱ፣ «አይገናኝም» የምትለዋም ቃል በእሱ እጅ የተጻፈች ናት። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው የአክስቱ ኮምፒውተር ነው።

አክስቱ ስንል በዓመት አንዴ ጉንጯን ስመው የሚመለሱ ዓይነት አክስት አይደለችም። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ አሳድጋዋለች፤ የትምህርት ቤት ደብተሩን ከቢሮ በተረፈ ወረቀት ለብዳለታለች፤ ዛሬም በሠላሳ አራት ዓመቱ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ አብሯት ይኖራል፣ የሚጠራትም «እትዬ» እያለ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ አብረው ነው ሻይ የጠጡት። ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ወደ እሱ ገፋች፣ ጉልበቷን ጨበጥ አድርጋ ተነሳች፣ ከአልጋው ሥር ትልቁን የገበያ ቦርሳ ጎትታ አወጣችና ባዶውን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ስትወጣ የበሩ እጀታ እንደ ልማዱ እጇ ላይ ቀረ፤ አንድ ብሎን ከጎደለው አራት ዓመት ሆኖታል። መልሳ ሰካችውና «ደህና ዋል» ብላ ሄደች። ሰው በዓርብ ጠዋት ባዶ የገበያ ቦርሳ ይዞ ቢሮ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ባለገመዱ አልጠየቀም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እራት ላይ ዝም ስትልም አልጠየቀም፤ ጉልበቷ አሟት ነው ብሎ ለራሱ መልስ ሰጥቶ ሲተኛ ከረመ። የቦርሳው ነገር የገባው ገና አሁን፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ነው። ዕቃዋን ልትሰበስብበት ነው።

ግምጃ ቤቱን ያውቀዋል፤ አንዴ መብራት ሊዘረጋ ሄዶ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ተለውጦ፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ በእግር በድንጋያማ መንገድ ነው። ቆርቆሮው ቀን ሲያቃጥል ይውልና ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው አያደማምጥም። መቀመጫ የሚባል የለም፤ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ቆሞ መቁጠር ነው። አክስቱ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። በዚያ ጉልበት ሁለት ዓመት እዚያ መመላለስ ማለት በገዛ ፈቃድሽ ውጪ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ኃላፊውም አጥቶት አይደለም።

ጥፋቱ የተፈጸመው ከሁለት ወር በፊት ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሰርቨር ገዛና ገንዘቡ እዚያው ላይ አለቀ። ለየጠረጴዛው አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ቀረና ያሉት አሥራ አንድ አሮጌ ማሽኖች እንደምንም ከአዲሱ ጋር ይገናኙ ተባለ። የትኛው ይገናኛል፣ የትኛው አይገናኝም የሚለውን መርምሮ የሚያገናኝ ሰው በማስታወቂያ ተፈለገ። ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ በእጇ ገልብጣ ያመጣችለት አክስቱ ናት። ተወዳደረ፣ አሸነፈ። ሥራ በሚጀምርበት ዋዜማ ታዲያ ምን አላት? «እትዬ፣ እዚያ ስንገናኝ እንደማንተዋወቅ እንሁን። በዘመድ ገባ ይሉኛል።» አክስቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እሺ ጌታው! እርስዎ እያልኩ ነው የማነጋግርዎት!» አለችና ከወንበሯ ተነስታ እጅ ነሳችው።

በዘመድ ገባ እንዳይሉኝ የሚለው እውነት ነው፣ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። እውነቱ ሲነገር ባለገመዱ ያፍርባት ነበር። ቢሮ ውስጥ የምታደርጋትን የላስቲክ ጫማ ያፍርባታል። ምሳዋን በጋዜጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጧን ያፍርበታል። ከሁሉም በላይ አፏን ይፈራዋል፤ ያገኘችውን ሁሉ ጠርታ «ልጄ ነው እኮ! እስከ ሰባት ዓመቱ ፍራሽ ሲያሳጥበኝ የኖረ» ከማለት የሚመልሳት ምድራዊ ኃይል የለም። ስለዚህ ያን የምርመራ ቀን፣ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉትን ማሽኖች አንድ በአንድ ተቀምጦ እየከፈተ ከመረመረ በኋላ፣ ምድር ቤት ወርዶ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እግሩ አልንቀሳቀስም አለ። ውስጥ አክስቱ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። አጠገቧ ፋይል አመላላሹ ቆሟል፤ ይህ ሰው ሬዲዮ የሚል ስም የወጣለት፣ ጠዋት የሰማውን ከምሳ በፊት ሦስቱም ፎቅ ላይ የሚያዳርስ ሰው ነው። ባለገመዱ በሩ ላይ እንደቆመ አንገቱን አስግጎ የኮምፒውተሩን ግንባር አየ። የወየበ ሳጥን፣ ከዝርዝሩ ሁሉ ያረጀ የሞዴል ቁጥር የተለጠፈበት። «አይገናኝም» ብሎ ጻፈና ድምፁን አጥፍቶ ተመለሰ። አሥርና አሥራ አንድ ዕቃ ክፍል ውስጥ ያለ ባለቤት የሚኖሩ፣ የሞቱ ማሽኖች ነበሩ፤ እነሱን እንኳ ከፍቶ አይቷቸዋል። ለሞቱት የሰጠውን ጊዜ ለአክስቱ አልሰጣትም።

«አዲስ ይገዙላታል ብዬ እኮ ነው» አለ አሁን ደረጃው ላይ ለራሱ። ይበል። የዚያን ቀን ስለ አዲስ ኮምፒውተር አንዲት ሐሳብ በአእምሮው አላለፈችም፤ እሱም ያውቃል።

ታዲያ ሮጦ ወደ መዝገብ ቤቱ ወረደ? የለም፣ ከተራ ቁጥር አንድ ጀመረ። ሥራ በተራ ነው አለ። ክፍያ መቀበያው መስኮት ሥር ተንበርክኮ ገመድ ዘረጋ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ጫማ እጁን ሊረግጠው ምንም አልቀረውም። ከዚያ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ ከዚያ አንዲት ጸሐፊ ማሞቂያዋን እግሯ ሥር ደብቃ የምታስቀምጥበት ጠባብ ክፍል። ሥራው በየጠረጴዛው አንድ ዓይነት ነው። አዲሱ ሰርቨር በድሮው አነጋገር የሚያናግረውን ማሽን አይሰማም፤ አደገኛ ነው ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ስለዚህ አሮጌውን አዲሱን አነጋገር ማስተማር ነው። ያን መናገር የሚችል የተሻለ የመረብ ካርድ ሆዱ ውስጥ ይገባለታል፣ ፕሮግራሙ ይታደስለታል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ማሽን በገባ ቁጥር በልቡ እልል ይል ነበር። ዛሬ ግን አንዱ በገባ ቁጥር ወደ ዘጠኝ መቅረቡ ብቻ ነው የሚታየው።

ምሳ ሰዓት ላይ አልበላም። ሰርቨሩ ወዳለባት ክፍል ገባ፤ ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች፣ አሁን ነጭ ቀለም ተቀብታ በሯ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የተለጠፈባት ክፍል ናት። ክልክሉን ከመጤፍ ሳይቆጥር ሬዲዮ ተከትሎት ገባ። ቀዝቃዛ አየር ስለሚያገኝ በየቀኑ ይመጣል።

«ሰማህ?» አለ ሬዲዮ፣ ሰርቨሩ ላይ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ። «የመዝገብ ቤቷን እመቤት ግምጃ ቤት ሊወረውሯት ነው።»

«ሰማሁ» አለ ባለገመዱ። «እዚያ ላይ አትደገፍ።»

«ይህን ግን አልሰማህም። የዝውውር ደብዳቤዋን ራሷ ነው የመዘገበችው! ትናንት ከላይ መጣላት፣ መነጽሯን አደረገች፣ አነበበች። እኔ ቆሜ አያታለሁ። ቁጥር ሰጠችው፣ ማኅተም አደረገችበት፣ ግልባጩን ፋይል ውስጥ አስገባችና ‹ቀጣዩን አምጣ› አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም እኮ! እኔ እንዲያው አንጀቴን በላችኝ።» ሬዲዮ እውነትም ዓይኑ እርጥብ ብሎ ነበር። «ያ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ ፈትሼአለሁ ብሎ የፈረመውን ሰውዬ ባገኘው፣ እግዜር ያውቃል።»

ሬዲዮ ሰውየውን አግኝቶት፣ አጠገቡ ቆሞ፣ በእሱ ሰርቨር እየቀዘቀዘ መሆኑን አላወቀም። ባለገመዱም አልነገረውም።

ስምንት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኝ እስከ ጣሪያ የፋይል መደርደሪያ፣ መሃል ላይ ጠረጴዛዋ። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሰፊ ቦታ ያለ ይመስል የነበረው ለካ ከበሩ ሆኖ ሲታይ ነው። የገበያ ቦርሳው ወንበሩ ሥር ተቀምጧል፤ የመቀመጫ ትራሷ፣ የላስቲክ ጫማዋ፣ ከመጋረጃ ቁራጭ የሰፋችው የኮምፒውተር ልብስ ሳይቀር ታጥፎ ገብቷል። አክስቱ ትራስ በሌለው ወንበር ላይ ተቀምጣ የመጨረሻዎቹን ደብዳቤዎች ትመዘግባለች። ሬዲዮ መሰላል ላይ ወጥቶ ፋይል ይደረድራል።

«ይግቡ፣ ባለሙያው» አለች፣ ከመነጽሯ በላይ እያየችው። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ያቺ የሚያውቃት ሳቅ አለች፤ ሬዲዮ እንዳያያት ደብቃታለች። «ወንበሩ አቧራ አለው፣ ልጥረግልዎ?»

«አይቸገሩ» አለ። ድምፁ የእሱ አልመስል አለው።

ሳጥኑን አዙሮ ጀርባውን ፈታ። ክዳኑን ሲያነሳ ያየው ነገር እጁን አደረቀው። ውስጡ አሮጌ አይደለም። ቦርዱም፣ ማኅደረ ትውስታውም፣ የመረብ ካርዱም አሮጌ አይደሉም፤ ካርዱ ዛሬ ጠዋት ለሌሎቹ ሲገጥም ከዋለው ካርድ ጋር አንድ ነው። ካርዱን የያዘችው ብሎን ደግሞ የኮምፒውተር ብሎን አይደለችም። ወፍራም፣ ናስ መልክ ያላት፣ ጭንቅላቷ የተጫጫረ የበር እጀታ ብሎን ናት። የቤታቸው በር። ብሎኗን ወዲያው አወቃት፣ ምክንያቱም የፈታት እሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ይህ ማሽን ሞቶ ይጣል ሲባል አክስቱ ፈቃድ ጠይቃ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ጭኗ ላይ ታቅፋ ቤት አመጣችው። ባለገመዱ ያኔ ሙያውን ገና መማሩ ነበር። ሁለት እሑድ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ከተፈታ ዘመናዊ ኮምፒውተር አንጀቱን አውጥቶ እዚህ ሳጥን ውስጥ ገጠመው። አሮጌ ሆኖ የቀረው ቆዳው ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ብሎን ጎደለችና ከበሩ ፈታ። «ነገ እገዛለሁ» አላት። የብሎን ዋጋ ከአንዲት ከረሜላ አይበልጥም፤ ያ ነገ ግን ይኸው አልመጣም። በሕይወቱ በገዛ እጁ ያስነሳውን የመጀመሪያ ማሽን ነው በር ላይ ቆሞ «አይገናኝም» ያለው። ረስቼው ነው ይላል። ይሁንለት። ሁለት እርምጃ ገብቶ ክዳኑን ቢያነሳ ግን ብሎኗ ታስታውሰው ነበር።

ክዳኑን መልሶ ገጠመ። የሚቀየር ነገር አልነበረም። ገመዱን ሰካ፣ ፕሮግራሙን አደሰ፣ ጠበቀ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ስክሪኑ ላይ አዲሱ መዝገብ ተከፈተ፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚመዘገበው ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ደቂቃ ዋናው መሥሪያ ቤትም ይታያል።

«ገባች?» አለች አክስቱ፣ ወንበሯን ወደፊት ጎትታ።

«ገባች።»

ሬዲዮ ፋይሉን ይዞ ከመሰላሉ ወርዶ ሮጠ፤ ወሬው እጁ ላይ እንዳይቀዘቅዝ ነው። አክስቱ ብቻቸውን መሆናቸውን አየችና እርስዎውን ጣለችው። «አላልኩም? አላልኩም ግን? አንተ የሠራሃት እኮ ናት! አይገናኝም ተብሏል ሲሉኝ እኔ አላመንኩም። የዚያን ባለሙያ ነኝ ባይ ወረቀት መዝገብ ላይ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፤ በእኔ እጅ አላለፈም። ከዋናው መሥሪያ ቤት የላኩት ሰው መሆን አለበት። አንተማ ውስጧን ታውቃለህ፣ አንተ ብትሆን እንዲህ አትጽፍም።» ስክሪኑን በእጇ መዳፍ ዳበስ አደረገችው። «ያልነገርኩህ እንድትጣላ ስላልፈለግሁ ነው። ኃላፊው ላይ ጮኸህ ሥራህን ታበላሻለህ ብዬ ፈራሁ። ይኸው አሁን ባትጮህም ሆነ።»

እንዲህ ስትለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ሰድባው ቢሆን፣ በጥፊ ብትለው ይችለዋል። «መጣሁ» አለና ወጣ።

ኃላፊው በደስታ ነው የተቀበለው። «ዘጠኝም ገባ? ጎሽ! እንግዲያው ‹ዛሬ ተጠግኖ ገባ› ብለህ ጻፍልኝ። ያኔ አይገናኝም ነበር፣ ዛሬ ተጠገነ፤ የቀድሞው ወረቀትህም ልክ፣ ያሁኑም ልክ። ማሽኑን በእሷ ቦታ ለሚተካው ሰው እንሰጠዋለን።»

«ምንም አልጠገንኩም» አለ ባለገመዱ። «ያኔም ይሠራ ነበር። ሳልፈትሽ ነው የፈረምኩት።»

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ፤ ለካ መዝጋትም ያውቃል። ድምፁም ዝቅ አለ። «ስማኝ ወንድሜ። አራት ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች ይኸው ሥራ ይጠብቃቸዋል፣ ለእነሱ ደግሞ አንተን ነው ያሰብኩት። ሳይፈትሽ የሚፈርም ባለሙያ ነው ከተባለ ማን ይጠራሃል? ለአንዲት ሴትዮ ብለህ እንጀራህን ልትዘጋ ነው? ምንህ ናት?»

ባለገመዱ አልመለሰም። አየህልኝ፣ አሁንም አልመለሰም።

«የግድ ልጽፍ ካልክ ጻፍና በእጄ ስጠኝ። መዝገብ ቤት ምን አስኬደህ» አለ ኃላፊውና የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳብ አደረገው። ባለገመዱ የገዛ ወረቀቱን እዚያ ውስጥ አየው፤ ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው፣ በእጅ ሰጥቶ በእጅ የተቀበሉት። እንዲህ ያለ ወረቀት ምን እንደሚሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። አክስቱ ማታ ማታ እግሯን ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ የምታወራው ስለ ደብዳቤ ነበር፤ ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፣ ቁጥር የተሰጠውን ግን ንጉሥም ቢሆን መልስ ሳይሰጥ አያልፈውም ትላለች። ያሁኑን ደብዳቤ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው አክስቱ ሳታውቅበት ይቀራል፤ ሰኞ ግን ግምጃ ቤት ናት። ቁጥር ካሰጠው እዚሁ ትቀራለች። ቁጥር የምትሰጠው ግን እሷ ናት፤ ሳታነብ ቁጥር አትሰጥም።

ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ወረቀቱን ሰርቨሩ ራስ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። ሁለት ጊዜ ቀደደው። ሦስተኛው ላይ የሚከተለው ወጣ፦ «ተራ ቁጥር ዘጠኝ በሥራ መደራረብ ምክንያት ሳይፈተሽ ‹አይገናኝም› ተብሎ በእኔ የተጻፈ ስለሆነ፣ በዚህ መነሻ የተሰጠው የዝውውር ውሳኔ እንደገና እንዲታይ።» ፈረመ። አራቱን ቅርንጫፍ እዚያው ተሰናበታቸው። ቅርንጫፎቹ ግን እንዳሰበው አላንገበገቡትም፤ ያንገበገበው ምድር ቤት ያለው ጠረጴዛ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ሬዲዮ ተመልሶ መሰላሉ ላይ ወጥቷል። ባለገመዱ ሁለቱን እርምጃ ገባና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አክስቱ የደስታ ፊቷ ገና አልበረደም። «ገቢ ደብዳቤ ነው? የመጀመሪያው ደንበኛችን እርስዎ ሆኑ!» አለችና መነጽሯን አስተካከለች።

አነበበች። መልሳ ከላይ ጀመረች፤ ጣቷን ከቃል ቃል ሥር እየጎተተች ነው ያነበበችው። «በእኔ» የምትለዋ ላይ ጣቷ ቆመ። ባለገመዱ የሚያየው ጣቷን ብቻ ነው፣ ፊቷን ማየት አልቻለም። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይሰማል። ሬዲዮ ነገር እንዳለ ሸቶት ፋይል መደርደሩን ተወ።

«ይህን ደብዳቤ አልቀበልም» አለች አክስቱ።

«እትዬ…» አመለጠው።

«‹በሥራ መደራረብ ምክንያት› ይላል። ያን ቀን ሥራ አልተደራረበብህም። መጥተህ በሩ ላይ ቆመሃል፤ ጫማህን አይቼዋለሁ። እኔ የገዛሁልህን ጫማ አላውቀውም? ቃል ስለሰጠሁህ ነው ቀና ያላልኩት። ይገባል፣ ይኸው ሊገባ ነው እያልኩ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ።» ጩኸት የለውም አነጋገሯ፤ ደብዳቤ ጎደሎ ሆኖ ሲመጣላት የምትናገረው ዓይነት ነው። «ሁለት እርምጃ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ልጄ አለችው፣ ሬዲዮ እየሰማ። ያፈረበትን ቃል አሁን ስትለው ያፈረው በሌላ ነው።

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋች፣ እስክሪብቶዋን ከላዩ አኖረች። «ምክንያቱን አስተካክል። በመዝገቤ ውሸት ገብቶ አያውቅም፤ በመጨረሻው ቀኔ አላስገባም።»

ባለገመዱ እንደቆመ ጎንበስ አለ። «በሥራ መደራረብ ምክንያት» የሚለውን ሰረዘ። ከላዩ በጠባቧ ቦታ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ያሳደገችኝ አክስቴ መሆኗ እንዲታወቅብኝ ስላልፈለግሁ፣ ወደ ክፍሉ ሳልገባ»። ቃላቱ ተጨናንቀው ጠመም ብለው ወጡ። ስርዙ ጎን ሌላ ፊርማ አኖረ፤ እንዲህ መደረግ እንዳለበት ያስተማረችው እሷ ናት።

አክስቱ አነበበችው። አንዴ ብቻ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ መነጽሯን መለሰች፣ ማኅተሙን ቀለም አስነካችና ወረቀቱ ላይ በደንብ ተጫነችው። ቁጥር ጻፈችበት። ወደ ስክሪኑ ዞራ ጉዳዩን በሁለት ጣቷ፣ ቀስ ብላ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ መታች። ስትጨርስ ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ኃላፊው ዝርዝሩን ከመላኩ በፊት ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን አየው፤ ፎቅ ላይ ያለው መሳቢያ ከእንግዲህ ምንም ሊያደርገው አይችልም።

«ቁጥሩን ያዝ» አለች፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ እየሰጠችው። «መልሱን የምትጠይቀው በእሱ ነው።»

«እትዬ፣ ይቅር…»

«እሱን እቤት። እዚህ ሥራ ላይ ነኝ።» ጎንበስ ብላ ከገበያ ቦርሳው ትራሷን አወጣች፣ ወንበሯ ላይ አነጠፈች፣ ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠችበት። «መልስ እስኪመጣ ያለሁት እዚህ ነው። ቀጣዩን ፋይል አምጣልኝ» አለችው ሬዲዮን።

ባለገመዱ ገመዱን ተሸክሞ ወደ በሩ ሄደ። ኮሪደሩ ላይ ደብዳቤ ሊያስገቡ የመጡ ሰዎች መሰለፍ ጀምረዋል። ሊወጣ ሲል ከኋላው ድምፅዋን ሰማ፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

«ስትመለስ ለቤቱ በር ብሎን ግዛ። ይቺኛዋ እዚህ ትፈለጋለች።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ባለገመዱ፤ ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።